ነጭ ዱቄት የያዙ የቤተሰብ ቪዲዮ ካሴቶች፦ ለአንዲት የሐዋሳ ጠያቂ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። አባታችን ካረፉ በኋላ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ 14 የቪዲዮ ካሴቶች አገኘን። ከእነዚህ ውስጥ በጥር 1986 ዓ.ም. የተደረገው የወላጆቼ ሠርግ፣ የእኔና የወንድሜ የልደት በዓላት፣ እንዲሁም ዛሬ በሕይወት የሌሉት አያታችን በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ሲመርቁ የተቀረጹበት ካሴት ይገኙበታል። አሥራ ሁለቱ ትልልቆቹ የዴክ (የቪዲዮ ማጫወቻ) ካሴቶች ሲሆኑ፣ ሁለቱ ትንንሾች አጎታችን ከአሜሪካ ይዘውት በመጡት ካሜራ የተቀረጹ ናቸው። ከትልልቆቹ ሦስቱ በመስኮታቸው በኩል ሲታዩ ነጭ ዱቄት ይዘዋል። አንድ ሱቅ ሁሉንም በፍላሽ አድርጎ ሊሰጠኝ ተስማምቷል፤ ወንድሜ ደግሞ የጎረቤት ዴክ ተውሰን ከቴሌቪዥኑ ላይ በስልክ እንቅረጸው ይላል። የትኛው ይሻላል?

ምላሽ፦ በቅድሚያ የአባትዎን ነፍስ ይማር።

የጥያቄዎ አጭሩ መልስ፣ ለጊዜው ካሴቶቹን ለሱቁም አይስጡ፣ በጎረቤት ዴክም አይሞክሯቸው የሚል ነው። ሁለቱም መንገዶች የሚጀምሩት ካሴቱን ዴክ ውስጥ ከማስገባት ነው፤ ነጭ ዱቄት የያዘ ካሴት ግን ዴክ ውስጥ የሚገባው ብዙ ነገር ከተደረገለት በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት የቆየ ካሴት ከእንግዲህ ስንት ጊዜ በደህና እንደሚጫወት አስቀድሞ የሚናገር ባለሙያ ስለሌለ፣ እኔ እያንዳንዱን ካሴት የምይዘው በደንብ የሚጫወተው አንድ ጊዜ ብቻ እንደቀረው አድርጌ ነው። «እስቲ ምን እንዳለበት እንይ» ተብሎ የሚከፈትበት ቀንና በሚገባ የሚቀረጽበት ቀን አንድ መሆን አለባቸው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ያቺን አንድ ጊዜ ላለማባከን የሚደረግ ዝግጅት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የካሴቱን ውስጥ ማወቅ ይጠቅማል። ትልልቆቹ ካሴቶችዎ ቪኤችኤስ የሚባሉት፣ የጃፓኑ ጄቪሲ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረባቸው ዓይነት ናቸው። ክሩ ወርዱ 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከሰው ፀጉር የሳሳ የፕላስቲክ ጥብጣብ ሲሆን፣ 180 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ካሴት ከ250 ሜትር በላይ ክር ተጠቅልሎበታል። ምስሉና ድምፁ የተቀመጡት በጥብጣቡ አንድ ገጽ ላይ በማጣበቂያ በተያዘው መግነጢሳዊ ብናኝ ውስጥ ነው። ዴኩ ካሴቱን ሲውጥ ክሩን ከቀፎው ጎትቶ ያወጣና 62 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው፣ በእኛ ሥርዓት ለተቀረጸ ካሴት በደቂቃ 1,500 ጊዜ በሚሽከረከር ከበሮ መሰል ብረት ላይ ይጠመጥመዋል። እኛ «ሄድ» የምንላቸው ጥቃቅን አንባቢዎች የተተከሉት በዚህ ከበሮ ላይ ነው፤ ክሩንም እየዳሰሱ በሰያፍ ያነቡታል። ሄዱና ክሩ በቀጥታ ስለሚነካኩ፣ በመካከላቸው የገባ አቧራ፣ ሻጋታ ወይም የተላጠ ማጣበቂያ ሁለቱንም አብሮ ይጎዳል።

ያዩት ነጭ ዱቄት በገለጹት ቦታ ላይ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ ነው። ሐዋሳ ሞቃት ናት፣ ሐይቁም ቅርብ ነው፤ ክረምት ሲገባ በግድግዳ ጥግ የተቀመጠ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው አየር ምን እንደሚሸት ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚህ ላይ ካሴቶቹ አቧራ እንዳይነካቸው ተብለው በፌስታል የተጠቀለሉ ከሆነ፣ ፌስታሉ አቧራውን ከልክሎ እርጥበቱን ቆልፎባቸዋል። ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ካሴት በነበረኝ አንድ ዴክ ውስጥ ሳላጸዳ አስገባሁ። ምስሉ ጥቂት ደቂቃ ከታየ በኋላ በረዶ የሚዘንብበት መሰለ። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የዴኩን መንገድ በሚገባ ሳልጠርግ በማግስቱ የሌላ ደንበኛ ንጹሕ ካሴት አስገባሁበትና፣ የተጋገረው ቆሻሻ ክሩን ከዳር እስከ ዳር ጫረው። በዚያ ቤተሰብ ፋይል ላይ ከምስሉ ግርጌ ከፍ ብሎ የሚሄደው ነጭ መስመር የእኔ እጅ ሥራ ነው፣ እስከ ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲህ ሻጋታ ለያዘ ካሴት ብቻ የተለየ አሮጌ ዴክ አስቀምጫለሁ። ሥራውን የሚሰጡት ሰውም እንዲህ ያለ ዴክ እንዳለው ይጠይቁት።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሦስቱን ካሴቶች ከአሥራ አንዱ ይለዩ። ከፌስታል አውጥተው፣ ነፋስ በሚገባበትና ፀሐይ በማይነካው ደረቅ ክፍል ውስጥ እንደ መጽሐፍ አቁመው ያስቀምጧቸው። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሆነ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ክሩን ያጣምመዋል፤ ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚባለው ምክር ደግሞ ብናኝ ከመጨመር በቀር ጥቅሙ አይታየኝም። ከአዲስ ጫማና ከዕቃ ካርቶን ውስጥ የምናገኛቸው የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ካሉዎት በቂ መጠን ሰብስበው ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ከካሴቶቹ ጋር ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት ያኑሯቸው። እርጥብ ሻጋታ ሲነኩት ይቀባል፣ የደረቀ ግን ይራገፋል፤ የማድረቁ ዓላማም ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ቀፎው በካቻቢቴ ይከፈታል፤ አምስት ብሎኖች አሉት። ጥቅሎቹ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫ በጭምብል ተሸፍኖ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋሉ፤ ወደ ንጹሕ ቀፎም ይዛወራሉ። የመጨረሻውን ክፍል፣ ማለትም ክሩን በሙሉ ብናኝ በማይለቅ ጨርቅ መካከል እያሳለፉ ማጠንጠኑን፣ ልምድ ላለው ሰው እንዲተዉት እመክራለሁ። በቤትዎ አስም ያለበት ሰው ካለ ካሴቶቹን አጠገቡ አይክፈቷቸው።

ሁሉንም ካሴቶች የሚመለከት፣ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሌላ ሥራም አለ። በትልልቆቹ ካሴቶች ላይ፣ ጽሑፍ በሚለጠፍበት ጠርዝ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች፤ ካልተሰበረች ይስበሯት። ጥርሷ ከሌለች ዴኩ በካሴቱ ላይ አዲስ ነገር አይቀርጽም። በትንንሾቹ ላይ በዚህ ፈንታ የሚንሸራተት መከላከያ አለ። በማያውቁት ዴክ ላይ በስሕተት የምትነካ ቀይ ቁልፍ የሠርጉን መግቢያ በባዶ ጥቁር ምስል ስትተካው አይቻለሁ፤ ያን ደግሞ የሚመልሰው ባለሙያ የለም።

ሻጋታው እስኪደርቅ ባሉት ሳምንታት የምመክርዎ ሥራ ስልክ መደወል ነው። በ1980ዎቹ የሠርግ ቪዲዮ ሲሠራ ቀራጩ ከካሜራው ካሴት ላይ እየቆራረጠ፣ ዘፈን እየጨመረበት አንድ ዋና ካሴት ያዘጋጅ ነበር፤ ለቤተሰቡ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ የዚያ ኮፒ፣ ለሚዜዎችና ለዘመድ የሚደርሰው ደግሞ የኮፒው ኮፒ ነው። የቪኤችኤስ ምስል በተገለበጠ ቁጥር ቀለሙ ይፈስሳል፣ ፊትም ይደበዝዛል። ስለዚህ በእጅዎ ያለው የሠርግ ካሴት ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ማወቅ ዋጋ አለው። እናትዎን፣ ሚዜዎቹን፣ ሻሸመኔም ይሁን ይርጋለም ያሉትን አክስቶች ይጠይቁ፤ ሠርጉን የቀረጸው ፎቶ ቤት ዛሬም ካለ እዚያም ይጠይቁ። ሌላ ቤት ያለው ኮፒ ከእናንተው የተሻለ፣ ወይም ቢያንስ ያልሻገተ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም የአንዱ የተበላሸ ቦታ ከሌላው ተወስዶ የተሞላበት ሥራ ሠርቻለሁ። ሠርጉ በሁለት ካሴት ተከፍሎ ከነበረም መልሱና ቅልቅሉ ያለበት ሁለተኛው ክፍል ተውሶ የቀረው ከዘመድ ቤት ሊሆን ስለሚችል፣ አብረው ያጣሩ።

አሁን ወደ ዴኩ ልምጣ። የቪኤችኤስ ዴክ ሲያመርት የቆየው የመጨረሻው ታዋቂ ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ምርቱን አቁሟል። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የሚሠራ ዴክ ቁጥሩ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም። ለዓመታት ቆሞ የኖረ ዴክ የጎማ ቺንጊያው ይደርቃል ወይም ይላላል፣ ግራሶውም ይጠነክራል፤ መልኩ ንጹሕ መሆኑ ምንም ዋስትና አይሰጥም። የጎረቤትዎ ዴክ ቢሠራ እንኳን መጀመሪያ የሚገባበት ካሴት ቢጠፋ የማይቆጭ መሆን አለበት። ከቪዲዮ ቤት ተከራይቶ ሳይመለስ የቀረ የፊልም ካሴት የሌለበት ቤት ብዙም ስላላጋጠመኝ፣ ለዚህ የሚሆን የሚያጡ አይመስለኝም። ያ ካሴት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለ ጩኸት ከተጠነጠነ፣ ሲወጣም ክሩ ካልታጠፈ፣ ያኔ ስለ ቀጣዩ ማሰብ ይቻላል። የሄድ ጽዳት የሚደረገው 99 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ቆዳ፣ ወደ ጎን ብቻ በማሸት ነው። ከላይ ወደ ታች ማሸትም ሆነ የጆሮ ጥጥ መጠቀም ሄዱን ሊነቅለው ይችላል።

በእኛ ከተማ ሌላ የማይዘለል ነገር መብራት ነው። ዴክ እየሠራ መብራት ቢጠፋ ክሩ በከበሮው ላይ እንደተጠመጠመ ይቀራል። ካሴቱን ጎትቶ ለማውጣት መሞከር ክሩን ይበጥሳል፤ መብራት እስኪመለስና ዴኩ ራሱ እስኪተፋው መጠበቅ ነው። ዴኩም ኮምፒውተሩም፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል በሚሰጠው በዩፒኤስ ቢሠሩ ይመረጣል፤ ይህ ካልተገኘ ቢያንስ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። ክሩ ከተበጠሰ ደግሞ በስኮች አይቀጠልም። የስኮቹ ሙጫ ይፈስስና ሄዱን ይበክላል፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መቀጠያ አለ።

ስለ ሁለቱ ትንንሽ ካሴቶች ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዓይነታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ቪዲዮ8፣ በ1989 የተከተለው ሃይ8 እና በ1999 የመጣው ዲጂታል8 ሁሉም ባለ 8 ሚሊ ሜትር ካሴት ስለሚጠቀሙ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ከእነርሱ የሚያንሰው ሚኒ ዲቪ ግን በ1995 የወጣ ዲጂታል ካሴት ነው። በቀፎው ላይ የታተመውን ምልክት በጥንቃቄ ያንብቡ። እነዚህን የሚያጫውተው ብዙውን ጊዜ ካሜራው ራሱ ስለሆነ፣ የአጎትዎ ካሜራ የት እንዳለ ከነቻርጀሩ ያፈላልጉ፤ «ተበላሽቷል» ቢባልም አይጣል። ካሴቱ ዲጂታል8 ወይም ሚኒ ዲቪ ከሆነ ሥራው በጣም ይቀላል፤ ፋየርዋየር በሚባለው ገመድ አማካይነት በክሩ ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል፤ ከምስሉ ጥራትም የሚቀነስ የለም። ዲጂታሉን ካሴት በተለመደው ቢጫ የቪዲዮ ጃክ በኩል የሚቀርጽልዎ ሰው ካጋጠመዎት ሥራውን አላወቀውም ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር አገሩ ነው። የእኛ ቴሌቪዥን የሚሠራው ፓል በሚባለው ሥርዓት፣ ማለትም በ625 መስመርና በሰከንድ 25 ምስል ሲሆን፣ በአሜሪካ የተገዛ የዚያ ዘመን ካሜራ የሚቀርጸው ግን ኤንቲኤስሲ በሚባለው፣ በ525 መስመርና በሰከንድ ወደ 30 በሚጠጋ ምስል ነው። የአሜሪካው ካሴት በእኛ መሣሪያ ሲከፈት ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሊሆን፣ ወደ ላይ ሊንሸራተት ወይም ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ካሴቱ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ሥራውን ለሚይዘው ሰው «ይህ ከአሜሪካ የመጣ ነው» ብለው አስቀድመው ይንገሩት፤ በኤንቲኤስሲ እንደተቀረጸ በኤንቲኤስሲ ይያዝ፣ ወደ ፓል አይቀየር።

የወንድምዎን ሐሳብ በተመለከተ፣ ስልኩ ለሌላ ጉዳይ ስለሚፈለግ ወደ እርሱ እመለሳለሁ፤ ከቴሌቪዥን ላይ ለመቅረጽ ግን አይሆንም። ቴሌቪዥኑና ስልኩ ምስል የሚያሳዩበትና የሚይዙበት ፍጥነት ስለሚለያይ ስክሪኑ ያርገበግባል፤ የመስኮቱ ብርሃን ያንጸባርቃል፤ የአያትዎ ድምፅም ከጎዳናው የባጃጅ ድምፅ ጋር ይደባለቃል። ትክክለኛው መንገድ ከዴኩ የሚወጣውን ምልክት በገመድ ወደ መቅረጫ መሣሪያ፣ ከዚያም ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነው። ዴኩ ኤስ-ቪዲዮ የሚባለው መውጫ ካለው ከቢጫው ጃክ እርሱ ይሻላል፤ ብርሃኑንና ቀለሙን ለይቶ ስለሚያወጣ የጥበቡ ጥለት ዳር ላይ የሚታየው የቀለም መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ ግን ለውጥ የሚያመጣው ቲቢሲ የሚባለው አካል ነው። ያረጀ ክር ፍጥነቱ በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል እያንዳንዱ የምስል መስመር ከቦታው ፈቀቅ እያለ ይመጣል፤ የበሩ መቃን እንደ ውኃ ውስጥ ምስል የሚወላገደው በዚህ ምክንያት ነው። ቲቢሲ መስመሮቹን ይይዝና በሰዓታቸው ያሰልፋቸዋል። በአንዳንድ ጥሩ ዴኮችና በአንዳንድ የዲቪዲ መቅረጫዎች ውስጥ ተሠርቶ ይገኛል። ይህ የሌለው ሠራተኛ ርካሽ በሆነ የዩኤስቢ መቅረጫ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ለልደቶቹ ካሴት ይበቃ ይሆናል፤ ለሠርጉና ለአያትዎ ካሴት ግን ሌላ ቢፈልጉ ይሻላል።

ስለ ጥራት ብዙ ተስፋ የሚሰጡ ማስታወቂያዎች ስላሉ ግልጽ ልሁን። የቪኤችኤስ ምስል ስፋቱን የሚሸፍኑት ወደ 320 የሚሆኑ ተለይተው የሚታዩ ነጥቦች ናቸው፤ በ720 በ576 መጠን ሲያዝ ያለው ሁሉ ተይዟል። «ፉል ኤችዲ አደርግልዎታለሁ» የሚለው ሰው የሚጨምረው የፋይሉን ክብደት ነው። ቅርጹም አራት በሦስት እንደሆነ ይቆይ፤ የዛሬውን ሰፊ ስክሪን ለመሙላት ሲለጠጥ ሙሽሮቹ ሁሉ ይወፍራሉ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፊትን የሚያጠሩ ፕሮግራሞችንም በተመለከተ አቋሜ የጠነከረ ነው፤ ፕሮግራሙ የሌለውን ዝርዝር ከራሱ ፈጥሮ ስለሚሞላ፣ የጠራው ፊት የአያትዎ ፊት መሆኑ ይቀራል። በኮፒ ላይ ለጨዋታ ቢሞከር አልከለክልም፤ ዋናውን ፋይል ግን አይንካው።

ሱቁ እንዲሠራው ከወሰኑ ከዋጋው በፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ካሴቱ ሳይቆራረጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይያዛል ወይ? ዋናው ፋይል ይሰጠኛል ወይስ የተጨመቀው ብቻ? ካሴቶቹስ በቁጥራቸው ይመለሳሉ? የሚያስፈልግዎ ሁለት ዓይነት ፋይል ነው። አንዱ የማይነካ ዋና ቅጂ ሲሆን፣ ምንም ሳይጣል የተያዘ ከሆነ በሰዓት 30 ጊጋ ባይት ገደማ፣ ዲቪ በሚባለው በመጠኑ በተጨመቀ የፋይል ዓይነት የተያዘ ከሆነ ደግሞ 13 ጊጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። አሥራ አራቱ ካሴቶች እያንዳንዳቸው ሁለት ሰዓት ቢይዙ 28 ሰዓት ስለሚሆኑ፣ አንድ ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክ በሁለቱም መንገድ ይበቃል። ሁለተኛው ለማየትና ለመላክ የሚሆነው የተጨመቀ ቅጂ ነው፤ በሰዓት ከ3 እስከ 4 ጊጋ ባይት ይበቃዋል። ወንድምዎ ራሱ ኦቢኤስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሊቀርጽ ከፈለገ ፋይሉን በኤምፒ4 ሳይሆን በኤምኬቪ እንዲያስቀምጥ ይንገሩት፤ መብራት በመሐል ቢጠፋ ኤምፒ4ቱ ሙሉ በሙሉ ላይከፈት ይችላል፣ ኤምኬቪው ግን እስከዚያች ደቂቃ ያለውን ይይዛል።

ፍላሽ የማጓጓዣ ዕቃ ነው፣ የማኖሪያ አይደለም። ዋናው ፋይል በሦስት ቅጂ ቢኖር፣ ከሦስቱ ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ዕቃ ላይ ቢሆኑ፣ አንዱ ደግሞ ከዚያ ቤት ውጭ ቢቀመጥ፣ ሌባም ሆነ እሳት ሁሉንም በአንድ ቀን አያገኛቸውም። ለእናንተ ቤት አንዱ ሃርድ ዲስክ እርስዎ ጋር፣ ሌላው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ጋር፣ ሦስተኛው በኢንተርኔት ማኖሪያ ወይም አሜሪካ ባሉት አጎትዎ ዘንድ ቢሆን ተገቢ ይመስለኛል። ሃርድ ዲስኮቹን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በዘመን መለወጫ ሰሞን፣ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ሳይከፈት የኖረ ዲስክ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። በቴሌግራም ለቤተሰብ ሲልኩ «ፋይል» በሚለው በኩል ይላኩ፤ እንደ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቃል። በነፃው ቴሌግራም አንድ ፋይል ከ2 ጊጋ ባይት መብለጥ ስለማይችልም በትዕይንት ይከፋፍሉት። ዩቲዩብ ላይ ማስቀመጥ ለማሳየት ያገለግላል፤ የሠርጉ ዘፈኖች የባለመብት ጥያቄ ሊያስነሡ እንደሚችሉና በቪዲዮው ላይ ያሉት እንግዶች ሁሉ ፈቃዳቸው እንዳልተጠየቀ ግን ልብ ይበሉ።

አሁን ወደ ስልኩ እመለሳለሁ። ካሴቱ በሚጫወትበት በዚያ ቀን እናትዎ በቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጡ፤ ወንድምዎም ስልኩን ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ እናትዎ ያዙር። «ይቺ እትዬ እገሊት ናት፣ ያ ከኋላ የቆመው ያባትሽ የሥራ ባልደረባ ነው፣ ይህ ቤት የነበረው ዛሬ ፎቁ ባለበት ነው» የሚሉትን ሁሉ ይቅረጽ። መቅረጽ ሲጀምር በቪዲዮው ላይ ያለውን ሰዓት ጮክ ብሎ ቢናገር በኋላ ማገናኘቱ ይቀላል። በዚህ ሥራ ካየሁት ሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ ንጹሕ ሆኖ የወጣ የሦስት ሰዓት ሠርግ ላይ ልጆቹ ከሙሽሮቹ በቀር አንድም ሰው መለየት አቅቷቸው ሲተያዩ ነው። በአሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ፎቶ የተነሡበት ትዕይንት ካለ፣ ሙሽሮቹ በክብር ሲቆሙ ከኋላቸው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ሲንጎራደድ ማየታችሁ አይቀርም፤ እናትዎ እዚህ ላይ የሚተርኩት ነገር ብዙ ይሆናልና ካሴቱ እየሄደ ቢሆንም አያቋርጧቸው። ቪዲዮውን በፋይል ደጋግሞ ማየት ይቻላል።

ቀኑን በተመለከተ በስክሪኑ ጥግ በሚታየው ቁጥር አይታለሉ። ካሜራዎች የሚጽፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓታቸው ሳይሞላ የተቀረጸባቸውም ብዙዎች ናቸው። ሠርጉ እሑድ ጥር 15 ቀን 1986 ዓ.ም. ቢሆን ካሜራው ማሳየት ያለበት ጃንዋሪ 23 ቀን 1994ን ነው፤ ከዚህ የራቀ ነገር ካሳየ የእናትዎን ቃል ይመኑ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ጠዋት 9 የሚለው በእኛ ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱ በሐበሻ ሰዓት ሞልቶት ከነበረም የተጻፈው እንዳለ ትክክል ነው። የፋይሉን ስም በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል ይጻፉት፤ 1986-05-15 ብሎ የሚጀምር ስም በኮምፒውተሩ ውስጥ በራሱ ተራውን ይይዛል። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ በካሴቱ ላይ በአባትዎ እጅ የተጻፈው ምን እንደሚል፣ የእናትዎም ምስክርነት በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ከቪዲዮው ጋር አብሮ ይቀመጥ። የካሴቶቹን ጠርዝ ፎቶ አንሥተው ቢጨምሩበት ደግሞ የአባትዎ የእጅ ጽሑፍም አብሮ ይተርፋል።

ሥራው ካለቀ በኋላም ካሴቶቹን አይጣሉ። ከሄዱ የሚወጣውን ጥሬ ሞገድ እንዳለ ወስዶ በኮምፒውተር የሚተረጉም ዘዴ በአሁኑ ጊዜ አለ። ገና በጥቂት ባለሙያዎች እጅ ያለ ቢሆንም፣ ዛሬ በተለመደው መንገድ ከሚገኘው የተሻለ ምስል ሊያወጣ ስለሚችል፣ ክሩ ካለ ሌላ ዕድል አለ ማለት ነው። እስከ መጨረሻው ተጠንጥነው፣ ቆመው፣ ከድምፅ ማጉያ ርቀው ደረቅ ቦታ ይቀመጡ።

ለቅደም ተከተሉ የምመክረው ይህ ነው፦ ከንጹሖቹ ትልልቅ ካሴቶች መካከል ከልደቶቹ በአንዱ ይጀምሩ፤ በመሣሪያውም ሆነ በሠራተኛው ላይ ያለውን ጉድለት ያሳይዎታል። ቀጥሎ የአያትዎ ይሁን። ምርቃቱን በኋላ በአማርኛ ጽሑፍ ከግርጌው ማስገባት ስለሚቻል፣ በዚያ ቀን ሲዳሙ አፎን አጥርተው የሚሰሙ አንድ አዛውንት ዘመድ ከእናትዎ ጎን እንዲቀመጡ አስቀድመው ይለምኗቸው፤ ከዚያ ሠርጉ፣ ከዚያ የአጎትዎ ሁለቱ፣ ሦስቱ የሻገቱት ደግሞ ሲሊካ ጄሉ ውስጥ ከቆዩ በኋላ በመጨረሻ፣ በተለየው ዴክ።